አንድ ዓይን ያለው ሰው

ደብረ ብርሃን፣ የካቲት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ መሪጌታ ዘሥላሴ፣
አንኮበር

እንደምን ሰንብተዋል? ከማያውቁት ሰው ደብዳቤ ሲደርስዎ ልብዎ ሳይደነግጥ አይቀርምና አስቀድሜ ልንገርዎ፦ ፀደንያ ደኅና ናት። ትበላለች፣ ከአክስቷ ከወይዘሮ በሰለች ጋር ቤተ ክርስቲያን ትስማለች። አለመናገሯ ብቻ እንደነበረ ነው።

በሚኒባሱ ሹፌር በኃይለኢየሱስ በኩል የላኩት ጥያቄ ደርሶኛል። ቁጣዎም አብሮ ደርሶኛል፤ ኃይለኢየሱስ መንገድ ላይ ምንም አላስቀረም። ተገቢ ቁጣ ነው። አባቷን ሳላስፈቅድ መጀመር አልነበረብኝም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ወይዘሮ በሰለች በእንባ ስታመጣት የፈቃድ ወረቀት ጉዳይ ትዝ አላለኝም።

እኔ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነኝ። እዚህ ከተማ በአንድ የሕፃናት ማእከል፣ ረቡዕና ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ክፉ ነገር ካዩ ልጆች ጋር እቀመጣለሁ። ወረቀትና ከለር እንሰጣቸዋለን። ሥዕል አናስተምርም፣ የተጣመመውንም አናቃናም። ልጁ በአፉ ማውጣት ያቃተውን በእጁ እንዲያወጣው ጊዜ እንሰጠዋለን፣ ሥራችን ይኸው ነው። ፈውስ ነው ብዬ አልምልልዎትም። ለብዙዎቹ ግን በር ከፍቷል።

ፀደንያ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ወረቀቱን ከዳር እስከ ዳር ቡናማ ስትቀባ ቆየች። አሁን ቤት መሣል ጀምራለች፣ ሰው ግን የለበትም። አንድ ነገር ያሳስበናል፦ በዚህ በደብረ ብርሃን ቅዝቃዜ ብርድ ልብስ መልበስ እምቢ ብላለች። አክስቷ ስታለብሳት ገፍፋ ትጥለዋለች፤ በነጠላ ብቻ ተኮራምታ ነው የምታድረው።

ስለዚህ ልጠይቅዎ። ጥር ላይ መሬት በተንቀጠቀጠ ጊዜ፣ እናቷ ባረፈችበት ጠዋት፣ ፀደንያ የት ነበረች? ምን አየች? ወይዘሮ በሰለች የደረሰችው ከቀብር በኋላ ስለሆነ ልትነግረኝ አልቻለችም።

አክባሪዎ፣
ማኅደረማርያም ይሁኔ


አንኮበር፣ መጋቢት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወይዘሪት ማኅደረማርያም ይሁኔ፣

ሰላምታዬ ከልብ ነው፣ ቅሬታዬም እንዲሁ። ይቅርታዎን ግን ተቀብያለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ልጄን እንደ ልጅዎ ይዘዋል፤ ኃይለኢየሱስ እሱንም አላስቀረም።

ለምን እንደማልደውል ጠይቀውት ኖሯል። ስልኬ ከቤቱ ጋር ተቀብሯል። የጎረቤት ስልክ ይዤ ኔትወርክ ፍለጋ ዳገት ብወጣ ደግሞ ነፋሱ ጥምጣሜን ሊወስድብኝ እየታገለ «ሃሎ፣ ሃሎ» ስል አላፊ አግዳሚው ይስቅብኛል። ወረቀት ይሻለኛል። ወረቀት ሰውን አያጣድፍም።

ስለ ሥዕሉ ደስ አላለኝም፣ አልደብቅዎትም። ሠላሳ ዓመት የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ስሥል ኖሬያለሁ። በእኛ ቤት ብሩሽ የሚነሣው ተጹሞ፣ ተጸልዮ ነው። ፀደንያ ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ ቀለም በጥብጣልኛለች። አሁን አሥር ሞልቷት የቅዱሳኑን የልብስ ጠርዝ ትቀባልኛለች። እናንተ ግን ያሻሽን ሞነጫጭሪ ትሏታላችሁ። የተጣመመ የማይቃና ከሆነ መምህር ለምን ያስፈልጋል? ይህን ስጽፍ እየሳቅሁ ነው፣ እርስዎም ይሳቁ።

ለፋሲካ ይላኩልኝ። ዘንድሮ እናቷ በሌለችበት በዓል ብቻዬን መዋል አልችልም። ቤቱ ባይሠራም ጎረቤቴ አባ ገብረ ጻድቅ አንድ ክፍል ሰጥተውኛል፣ ለሁለታችን ይበቃል።

ስለዚያ ጠዋት ጠይቀውኛል። መሬት ተንቀጠቀጠ፣ ግድግዳ ወደቀ፣ ባለቤቴ ፍቅርተማርያም ዐረፈች። እኔ ቤተ ክርስቲያን ምህላ ላይ ነበርኩ። ከዚህ በላይ የሚነገር ነገር የለም።

ቆሎ ልኬያለሁ፣ ለእርስዎም ይድረስዎ።

መሪጌታ ዘሥላሴ


ደብረ ብርሃን፣ መጋቢት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ መሪጌታ ዘሥላሴ፣

ቆሎው በአንድ ቀን አለቀ፤ ፀደንያ ከእጄ ላይ እየወሰደች በላችው። ሥቄያለሁም፣ እንዳሉኝ።

በመካከል የላኩትን አጭር ወረቀት ጥያቄዎች ልመልስ። አይ፣ በጽሑፍም አትመልስልንም፤ እስክሪብቶ ስሰጣት ትገፋዋለች። አዎን፣ ስምዎ ሲነሣ ቀና ትላለች። ለፋሲካ ራሴ አመጣታለሁ፣ ቃሌ ነው። ወይዘሮ በሰለች የበዓል ቀሚስ እያሰፋችላት ነው፤ ፀደንያም በጣቷ ቀን መቁጠር ጀምራለች።

ደስ የሚል ወሬ ደግሞ አለኝ። ሰው ሣለች! ቤት አለ፤ በሩ ላይ ሴት ቆማለች፣ ፊቷ ወደ እኛ ነው፣ ዓይኖቿ ትልልቅ። እናቷ ትመስለኛለች። ከውጭ ደግሞ ጋቢ የተከናነበ ሰው እጁን ወደ ቤቱ ዘርግቶ ቆሟል። ይኼኛው በጎን ነው የተሣለው፣ የሚታየውም አንድ ዓይኑ ብቻ ነው። በእሷ ዕድሜ ሰውን በጎኑ መሣል ከባድ ነው፣ እጇ እየተፍታታ መሆኑን ያሳያል። እንደ ሙያ ባልደረባዋ ደስ እንዲልዎ ዋናውን ልኬልዎታለሁ።

ማኅደረማርያም


አንኮበር፣ መጋቢት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወይዘሪት ማኅደረማርያም፣

ሥዕሉ ደርሶኛል።

ፀደንያ ለፋሲካ አትምጣ። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ብርዱም አላባራ ብሏል። ሥራም በዝቶብኛል። ቀሚሱ አይቅርባት፣ እዚያው ትልበሰው።

ሥዕሉን እኔው ጋ አስቀርቼዋለሁ። ያ ሰው ማን ነው ብለው እንዳይጠይቋት። እለምንዎታለሁ፣ እንዳይጠይቋት።

ዘሥላሴ


ደብረ ብርሃን፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ መሪጌታ ዘሥላሴ፣

እንደምን አሉ ብዬ ልጀምር እፈልጋለሁ፣ ግን እጄ አልታዘዝልሽ አለኝ። ተናድጃለሁ፤ ፈርቻለሁም።

ብቻዬን በዓል መዋል አልችልም ብለው የጻፉልኝ እርስዎ ነዎት። አሁን ደግሞ ክፍሉ ጠበበ። የጎረቤትዎን ክፍል ለሁለታችሁ እንደሚበቃ ለክተው ነበር የጻፉልኝ፣ በሦስት ሳምንት ግድግዳው አልተጠጋም። አባትሽ ለበዓሉ አልተመቸውም ስላት ፀደንያ አላለቀሰችም። ቀሚሷን አውልቃ አጣጥፋ ለአክስቷ መለሰችላት። ከዚያ ወዲህ ሦስት ቀን ሆናት፣ ከውኃ በቀር ወደ አፏ ያስገባችው የለም። ሐኪም ዘንድ ወስደናት ነበር፤ ሰውነቷ ደኅና ነው፣ ካልበላች ግን ተኝታ ልትታከም ነው ብለውናል።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ሥዕሉን ሳላስፈቅዳት ነው የላክሁልዎ። የልጆች ሥዕል የእነሱ ሚስጥር ነው፣ ካልፈቀዱ ለማንም አይታይም፤ ይህ የሥራችን የመጀመሪያው ሕግ ነው። እርስዎን ለማስደሰት ብዬ ሕጉን ጣስኩት። ከዚያ ወዲህ ነው ነገሩ ሁሉ የተበላሸው። በዚያ ወረቀት ላይ እኔ ያላየሁት ምን አዩ?

ማኅደረማርያም


አንኮበር፣ ሚያዝያ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ማኅደረማርያም፣

ከእንግዲህ አንቺ ልበልሽ። የምነግርሽን ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም፣ «እርስዎ» እያልኩ ደግሞ አልወጣውም። ሁለት ሦስት ማንኪያ መቅመስ ጀመረች ብለሽ የላክሽው ቃል በበዓሉ ዋዜማ ደረሰኝ። እግዚአብሔር ይስጥሽ። እሱን ይዤ ነው ያስቀደስኩት።

ምን አዩ ብለሽኛል። ያንቺ ዩኒቨርሲቲ የማያስተምረውን ነው ያየሁት። በእኛ ሥዕል ጻድቅ ፊት ለፊት ይሣላል፣ በሁለት ዓይኑ። ሰይጣን፣ ይሁዳ፣ ጌታን የሚገርፉት ጭፍሮች በጎን ይሣላሉ፣ በአንድ ዓይን። በደለኛው ከጻድቁ እንዲለይ ነው። ፀደንያ ይህን ፊደል ሳትቆጥር ነው ያወቀችው። በእጄ ታቅፌያት የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ጣቷን እየቀሰረች «አባ፣ ይኼ አንድ ዓይን ነው፣ ክፉ ነው» ትለኝ ነበር። በጎን የሣለችው እጇ ተፍታቶ አይደለም። ያንን ሰው በደለኛ ነው ማለቷ ነው።

ጋቢውን አወቅሁት፤ ጫፉ ላይ ያለችውን ሰማያዊ መስመር እንኳ አልረሳችም። ጋቢው የእኔ ነው። እጁን ወደ ቤቱ የዘረጋው፣ እናቷን «ግቢ» የሚላት፣ እኔ ነኝ።

እውነቷን ነው፣ ልጄ። ከእነዋሪ ከተማ ያዘዙኝ ሥዕል ነበር፣ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ፣ በጨርቅ ላይ። ሰባት ወር የለፋሁበት ነው። መንቀጥቀጡ ሲበረታ እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ላስቲክ ወጥረን እናድር ጀመር። ሥዕሉ ግን ተጠቅልሎ ቤት ውስጥ ቆጥ ላይ ቀርቷል። እኔ ልገባ ፈራሁ። ግድግዳው ተሰንጥቆ ነበርና ፈራሁ። በዚያ ማለዳ ወደ ምህላው ስሄድ ለፍቅርተማርያም ቀስ ብዬ «ረፈድ ሲል ያንን ሥዕል አውርጅልኝ፣ አንቺ ቀልጣፋ ነሽ» አልኳት። እሺ አለችኝ፤ እምቢ ብላኝ አታውቅም። ፀደንያ ጋቢዬን ተከናንባ የተኛች መስሎኝ ነበር። ነቅታ ሰምታኛለች ማለት ነው።

ከፍርስራሹ ሲያወጧት ደርሻለሁ። ሰዎቹ ቃሬዛ ሊያመጡ ሲሮጡ ብቻዬን ቀረሁ። ሥዕሉ ከደረቷ ሥር ነበር፣ ሁለት እጇን ጠምጥማበት። አቧራ ነው እንጂ ምንም አልነካውም። ከእጇ አላቅቄ በነጠላዬ ሸፍኜ ደበቅሁት። ያዘዙኝን የእነዋሪ ሰዎች ጠፋ ብዬ አሰናበትኳቸው። እስከ ዛሬ ማንም አያውቅም።

ለበዓሉ አትምጣ ያልኩት ጠልቻት አይደለም። ያቺ ልጅ እያየችኝ፣ አፏን ዘግታ፣ ሁሉንም እያወቀች ፊቷ ተቀምጬ ዶሮ እንዴት እቆርሳለሁ?

ዘሥላሴ


ደብረ ብርሃን፣ ሚያዝያ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባቴ መሪጌታ፣

ደብዳቤዎን አንብቤያለሁ። ፈራጅ አይደለሁም፤ በሚስትዎ ኀዘን ግን አብሬዎ አለቀስኩ።

አንድ ትእዛዝዎን ጥሻለሁ። እንዳልጠይቃት ለምነውኝ ነበር፣ ጠየቅኋት። ያንን ሥዕል ያለ ፈቃዷ መላኬን ነግሬ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ትኩር ብላ አየችኝና እንደገና ሣለችው። ቤቱ፣ እናቷ፣ ባለ ጋቢው ሰው። «አባትሽ ነው?» አልኳት። ራሷን ወዲያና ወዲህ አወዛወዘች። ከዚያ ጣቷን አንሥታ በራሷ ደረት ላይ አሳረፈች።

ሰውዬው እርስዎ አይደሉም። በደለኛ አድርጋ የሣለችው ራሷን ነው። ያን ጠዋት ጋቢዎን ተከናንባ የነበረችው እሷ አይደለችም?

የተዘረጋው እጅ ምን ይፈልጋል አልኳት። ሌላ ወረቀት ሳበችና ባለ መስመር ብርድ ልብስ ሣለች፤ ቀዩ ከለር እስኪሰበር ተጭና ወረቀቱን ሞላችው። ወይዘሮ በሰለች ስታየው አፏን ያዘች። ከምትሠራበት የብርድ ልብስ ፋብሪካ ገዝታ ለገና የላከችላችሁ ነው። አንድ በአንድ እየጠየቅኋት ፀደንያ ራሷን እየነቀነቀች መለሰችልኝ። ያን ጠዋት በርዷት እናቷን ብርድ ልብሱን አምጭልኝ አለቻት። እናቷ ገባች፣ አልወጣችም። እርስዎ በጆሮ ያሉትን አልሰማችም፣ ተኝታ ነበር።

ለአራት ወር ያህል በልቧ እናቴን የገደልኳት እኔ ነኝ ስትል ኖራለች። ለበዓል አትምጪ ሲሏት ደግሞ አባቴም አወቀብኝ አለች። ምግብ የተወችው ለዚህ ነው።

እኔ ወረቀትና ከለር ልሰጣት እችላለሁ። እናቷ ለምን እንደገባች የሚያውቅ ግን እርስዎ ብቻ ነዎት። ይንገሯት፣ አባቴ። ከባድ መሆኑን አውቃለሁ።

ማኅደረማርያም


አንኮበር፣ ግንቦት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፣

ሦስት ወረቀት ጽፌ ሦስቱንም ቀደድኩ። ይህ አራተኛው ነው።

እንዲህ ብናደርግስ? እናትሽ በራሷ ፈቃድ ነው የገባችው፣ ማንም አልላካትም በያት። አንቺን ታምንሻለች። ልጅ ናት፣ ቀስ በቀስ ትረሳለች። እኔም ከንስሐ አባቴ ጋር የራሴን እጨርሳለሁ። ሚስቴን በቃሌ አጣሁ፤ አሁን ደግሞ በቃሌ ልጄን ላጣ ነው? ብትጠላኝ ማን አለኝ? ፈሪ ነህ በይኝ፣ አዎን ፈሪ ነኝ። ነግሬሻለሁ።

ዘሥላሴ


ደብረ ብርሃን፣ ግንቦት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባቴ መሪጌታ፣

ያሉኝን አደረግሁ፣ ማድረግ ባይገባኝም። ስላዘንኩልዎ ነው። «እናትሽ በራሷ ነው የገባችው» አልኳት። ውሸት እንደነገርኳት ወዲያው ገባት። ሥዕሏን አወጣችና ጥቁሩን ከለር አንሥታ ያቺን አንድ ዓይኗንም ደፈነቻት።

ከዚያ ወዲህ ወረቀት አልነካችም። ዛሬ ምሳዋንም መልሳለች። ሐኪሙ እስከሚቀጥለው ሳምንት መጨረሻ አይተን ካልተሻላት እናስተኛታለን ብሎናል። ከዚህ በላይ የምሞክረው የለኝም።

ማኅደረማርያም


አንኮበር፣ ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለፀደንያ፣

የኔ እናት፣ ይህን ማኅደረማርያም ታነብልሻለች። እኔ ፊትሽ ቆሜ ብናገር ድምፄ ይቆረጣል፣ ስለዚህ መጀመሪያ በወረቀት።

እናትሽን ቤት ያስገባኋት እኔ ነኝ። አንቺ አይደለሽም። ተኝተሽ ሳለ የእነዋሪን ሥዕል ከቆጡ ላይ አውርጅልኝ ብያት ነበር። እኔ ራሴ መግባት ፈርቼ ነው እሷን የላክኋት።

ለማጽናናት የምዋሽሽ እንዳይመስልሽ፣ ቤታችንን አስቢው። ብርድ ልብሱ የት ነበር? ከበሩ አጠገብ፣ ሳጥኑ ውስጥ። እጇን ሰድዳ አንሥታው ልትወጣ ትችል ነበር። እናትሽ የተገኘችው ግን በጓዳው በኩል ነው፣ ከቆጡ ሥር። ሳጥኑን አልፋ ሄዳለች። አንቺ ባትጠይቂያትም ትገባ ነበር፣ እሺ ብላኝ ነበራ። በእጇ የተገኘውም ሥዕሉ ነው፤ ደብቄው ነበር፣ እኔ ጋ አለ። ልታዪው ከፈለግሽ አመጣዋለሁ፣ ካልፈለግሽ ዓይንሽ አያየውም።

ብርድ የመታው ልጅ ልብስ ቢጠይቅ ኃጢአት አይደለም። እናቱን ካልጠየቀ ማንን ይጠይቃል? እናትሽን የላክኋት እኔ መሆኔን ጥር ላይ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር። ዝም ስትይ እኔም ዝም አልኩ፣ ዝምታሽ ለኔ ተመቸኝ። አፈርኩ፣ ልጄ።

ቅዳሜ በኃይለኢየሱስ መኪና እመጣለሁ። ላታዪኝ ብትፈልጊ ግድ የለም፣ ከአክስትሽ ጋር ቤት ሁኚ፤ እኔ ደጅ እቀመጣለሁ። ምሳሽን ግን ብዪ።

አባትሽ


ደብረ ብርሃን፣ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባቴ መሪጌታ፣

ይህ ከቅዳሜ በፊት እንዲደርስዎ ኃይለኢየሱስን መናኸሪያ ድረስ ሮጬ ነው የያዝኩት፤ ስለ ጽሕፈቴ ይቅርታ።

ደብዳቤዎን ትናንት አነበብኩላት። ሳጥኑ ጋ ስደርስ እጄን ያዘችኝና ያንን እንድደግመው በጣቷ አሳየችኝ። ደገምኩት። ሦስተኛም ደገምኩት። ዓይኗን ጨፍና ቤቱን እየዞረችው እንደነበር ያስታውቃል። ከዚያ እንደ ሕፃን ጮኻ አለቀሰች፣ እኔም ወይዘሮ በሰለችም ልንይዛት አልቻልንም። ቀትር ላይ ምሳዋን በላች፣ ሙሉውን።

ማታ ከማእከሉ ልሸኛት ስወጣ በሩ ላይ ቆመችና ተናገረች። ድምፅዋ ደርቆ ሻክሯል፣ ግን ጥርት ያለ ነው። ያለችውን ቃል በቃል ልጽፍልዎ ቃል ገብቼላታለሁ፣ እንዳላለሰልሰውም አስምላኛለች።

«እሱ እያወቀ፣ እኔን ለምን እስካሁን ተወኝ? ደጅ አይቀመጥም። ይግባና በአፉ ይንገረኝ።»

ይምጡ። ተቆጥታ እየጠበቀችዎ ነው።

ማኅደረማርያም